220 ላይ የሚግል፣ 380 ላይ የሚሠራ

በአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ትልልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች በ240 ቮልት ይሠራሉ። ያው ማሞቂያ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ሲገጠም ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው 208 ነው። መስመሩ ደክሞ አይደለም፤ የስሪ ፌዝ ስሌት ነው። መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር ከአንድ የትራንስፎርመር ጥቅል ሁለት ጫፎች ስለሚመጣ 120 እና 120 ተደምሮ 240 ይሆናል። በንግድ ሕንፃ ግን ሦስቱ ፌዞች አንድ ሙቀጫ ላይ ተራ ጠብቀው እንደሚወቅጡ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ዘነዘናዎቹ እኩል አያርፉም። ስለዚህ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልት 120 በ2 ሳይሆን በ1.73 ተባዝቶ 208 ይመጣል። የእኛም 220 በዚሁ ስሌት 380 ይሆናል። በአሜሪካ ትልልቅ ሕንፃዎች 277 እና 480፣ በካናዳ 347 እና 600 የሚባሉትም ከዚሁ የወጡ ናቸው።

ከ240ው የጎደለው 32 ቮልት ትንሽ ይመስላል። የማሞቂያ ኃይል ግን ከቮልቱ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው፤ 10 ኪሎዋት የተባለው 7.5 ብቻ ይሰጣል። አይጮኽም፣ አይሸትም፤ ቤቱ አልሞቅ ይላል፣ ሰውም ቴርሞስታቱን ይወቅሳል።

ሞተር እንዲህ ዝም አይልም። የኤሲ ኮምፕረሰር የሚገፋው ጋዝ ስላልቀነሰለት የጎደለውን ቮልት በአምፒር ያካክሳል፤ አምፒሩ ሲጨምር ሽቦው ይግላል። ለ230 የተሠራ ሞተር በተለመደው ደንብ 10 በመቶ ዝቅታ ይችላል፣ ማለትም እስከ 207። ከ208 የሚተርፈው አንድ ቮልት ነው! ሙቀት በጠናበት ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ኤሲውን ሲከፍት እሷም ትሄዳለች። የኤሲውን መቆጣጠሪያ በ24 ቮልት የምትመግበው ትንሿ ትራንስፎርመርም የ208 እና የ240 ጫፎች አሏት። ገጣሚው 208 መስመር ላይ የ240ውን ጫፍ ከተወው ወደ 21 ትወርዳለች፣ ሞተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ኮንታክተርም ይንቀጠቀጣል።

ከአሜሪካ ማሽን ለሚያስመጣ ግን ዋናው ወጥመድ ሄርዝ ነው፤ የእነሱ 60፣ የእኛ 50። ለሞተሩ ብረት ወሳኙ ቮልቱ ለሄርዙ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው። ሰሌዳው ላይ 460 ቮልት በ60 ሄርዝ የሚል ኮምፕረሰር፣ ቁጥሩ ሲካፈል 7.67 ይሰጣል፤ የእኛ 380 በ50 ደግሞ 7.6። ጨርሶ የማይገጥም የመሰለው ይስማማል! ፍጥነቱና ማቀዝቀዙ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳሉ እንጂ ይሠራል፤ ሁለቱንም ጥንድ ቁጥር ሰሌዳው ላይ የሚጽፉ አምራቾችም አሉ።

“208-230 ቮልት፣ 60 ሄርዝ” የሚለውን ያየ ደግሞ፣ የእኛ 220 መሐል ላይ ስለወደቀ ደስ ብሎት ይሰካዋል። 230 ለ60 ሲካፈል 3.83 ነው፤ 220 ለ50 ግን 4.4። 15 በመቶ ያህል ትርፍ ነው፤ ብረቱ ይጠግባል፣ ጥቅሉ ይግላል፣ የሞተሩ ዕድሜ ያጥራል። ስታቢላይዘር ቢገዛለትም 220ውን እዚያው 220 ላይ ነው የሚያጸናው፤ ሄርዙን አይነካም። ቮልቱን ወደ 190 አካባቢ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ብረቱን ያሳርፈዋል፤ የሚቀንሰው ፍጥነት ግን አይመለስም።