«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምንኖር የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ሰዎች፣ በውሃ ላይ መጓዝ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለን ጣና ነው። የአገራችንን ስም ይዛ ቀይ ባሕር ላይ ለ29 ዓመታት ያገለገለች ትልቅ መርከብ ግን ነበረችን። ታሪኳ ሊነገር ይገባዋል።

የተሠራችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ነው። በመስከረም 1935 ዓ.ም. ውሃ ገባች፤ በጥር 1936 ደግሞ «ኦርካ» ተብላ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ባሕር ያገለገለችው ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እንደ እናት ሆና ነው። አብራሪዎቹን ታሳድራለች፣ ነዳጅ ትቀዳላቸዋለች፣ የተሰበረውን ትጠግናለች።

አሠራሯን ለመረዳት ይህን ሥራዋን ማወቅ ግድ ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ነበር። አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት ነፋስ በማይበረታበት ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ ውስጥ ስለሆነ፣ መርከቧም እዚያ ድረስ መግባት ነበረባት፤ ስለዚህ ከውሃ በታች የሚገባው አካሏ ከ4 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዲዚል ሞተር ሁለት ፕሮፔለር እያሽከረከረች በሰዓት እስከ 34 ኪሎ ሜትር ትጓዝ ነበር። ከፊት ለፊቷ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ተተክሎባት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ዋጋ የነበረው ሰፊ ማደሪያዋ ነው፤ ከራሷ ባሕረኞች ሌላ የአውሮፕላን ጓድ ሰዎችን ጭምር መያዝ ትችል ነበር።

አውሮፕላኖቹ ከእሷ ሲለዩ ይህ ሁሉ መኝታ ለባሕር ኃይላችን እጩ መኮንኖች ተረፈ። አንድን ተማሪ ባሕረኛ የሚያደርገው ባሕር ላይ ማደርና ተራ ጠብቆ መሥራት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ሰው የምታሳድር መርከብ ያስፈልጋል። የእኛን ባሕር ኃይል ሲቋቋም የረዱት ኖርዌያውያንም ከእሷ እህት መርከቦች አንዷን ወስደው ማሠልጠኛ አድርገዋታል። እንዲህ ያለችን መርከብ ማሠልጠኛ ማድረጉ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ በውሰት ሰጠችን፤ በኋላ በሽያጭ የአገራችን ንብረት ሆነች። «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ መሪና ማሠልጠኛ መርከብ ሆና በምጽዋ ተቀመጠች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የታላላቅ መንግሥታት የጦር መርከቦች ምጽዋ ሲደርሱ፣ ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ትልቋ እሷ ነበረች። በተከታዩ ዘመንም የምትበልጣት አልመጣችም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ መርከቧ ባሕሩን ተሻግራ የመን ገባች። ከዚያ አልተመለሰችም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረቷ ተሸጠች። ሙዚየም ልትሆን ትችል የነበረች መርከብ እንዲህ ማለቋ ያሳዝናል።

መርከቧ ባትኖርም ያገለገሉባት ሰዎች አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። በእሷ ላይ የሠራችሁ ባሕረኞች፣ ወይም አባታችሁ የሠራባት ልጆች፣ ፎቶግራፉን፣ ማስታወሻውንና የምስክር ወረቀቱን አትጣሉ። በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስምና ዘመኑን ከጀርባው ጻፉበት፤ ቅጂውንም ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ስጡ።