ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ራስ ጉግሣን ባይለቁ ኖሮ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንትና የቤተ ክህነት አባቶች ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አውርደው ዘውዱን ለዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ለወይዘሮ ዘውዲቱ ሰጡ። ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ይህን ውድ አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። ከዚያ ውሳኔ ጋር ስለ ተያያዘ አንድ ጉዳይ ግን ብዙ አይነገርም፤ ለዛሬው የቤተሰብ አምዳችን የመረጥነውም እሱን ነው። ዘውዲቱ ዘውዱን ሲቀበሉ የሕግ ባላቸውን ራስ ጉግሣ ወሌን እንዲለቁ ተደርጓል።

የወታደር ሚስት ባል በግዳጅ ሲርቅ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። የንግሥቲቱን ባል ያራቀው ግን የጦር ትእዛዝ አልነበረም፤ የሹማምንት ምክር ነበር። ራስ ጉግሣ በጌምድርን እንዲገዙ ተሹመው ሄዱ፤ ንግሥቲቱ ብቻቸውን በቤተ መንግሥት ቀሩ።

ምክንያቱ ሰውየው ሳይሆኑ ዘመዶቻቸው ነበሩ። ጉግሣ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። አፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ እቴጌይቱ ሹመት ሽረቱን በእጃቸው አስገብተው ስለ ነበር የሸዋ መኳንንት በ1902 ዓ.ም. ተባብረው ከሥልጣን አራቋቸው። እንግዲህ በፊት በር ያስወጡት ቤተ ዘመድ በባልነት ስም በጓሮ በር እንዳይመለስ ሰጉ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው ዘውዲቱ ባል መርጠው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ገና ልጅ ሳሉ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ፤ ጋብቻው የሁለት አባቶች የዕርቅ ማኅተም ነበር። አርአያ በ1880 ዓ.ም. ሞቱ፤ በዓመቱ አፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። ያ ወጣት በሕይወት ኖሮ ቢሆን አባቱን ለመውረስ የሚነሣው ሰው የምኒልክ አማች በሆነ ነበር። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተዳሩ፤ አልጸናም። አራተኛው ጉግሣ ናቸው።

በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ «ዘውዱንም ባሌንም» ብለው ቢጸኑስ ኖሮ? እንደኛ አስተያየት ለመደራደር አቅም ነበራቸው። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ መኳንንቱ ደግሞ የምኒልክን ልጅ በብርቱ ይፈልጉ ነበር፤ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ሊመጡ ነውና። ሰገሌ ላይ ጦርነቱ የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን፣ ልክ በወሩ ነው። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ንግሥቲቱን ማስቀየም ለማን ይበጅ ነበር?

ጉግሣ በቤተ መንግሥት ቢቆዩ የራሳቸው ጦርና የሰሜኑ መኳንንት ወገንተኝነት ያላቸው የንግሥት ባል ይሆኑ ነበር። እንደራሴው ያለ እሳቸው ፈቃድ ብዙ መራመድ ባልቻሉም። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት፣ በ1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ የጫኑበት መንገድ ጠባብና ረጅም በሆነ ነበር። በሌላ በኩል ዙፋኑ በሸዋ ላይ ብቻ ባልተደገፈ። ነገር ግን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የመሰሉ የሸዋ የጦር አለቆች ይህን ዝም ብለው ያዩት ነበር ማለት ያስቸግራል፤ በ1922 ዓ.ም. የፈሰሰው ደም ምናልባት ከዐሥር ዓመት በፊት በፈሰሰ ነበር። ደግሞም ንግሥቲቱ ሲነግሡ አርባ ዓመታቸው ነው፤ በሕይወት የቀረ ልጅም የላቸውም። ስለዚህ ጋብቻው ቢጸና ተፈሪን ያዘገያቸው ነበር እንጂ ፈጽሞ ያስቀራቸው ነበር ብለን አናምንም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ጉግሣ በ1922 ዓ.ም. በንጉሥ ተፈሪ ላይ ሸፈቱ። ንግሥቲቱ እንዲተዉ ደጋግመው ላኩባቸው ይባላል፤ አልሰሙም። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ ከጦር ሚኒስትሩ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ጦር ጋር ገጠሙ። በአገራችን ጦርነት አውሮፕላን ሲሰለፍ ያኔ የመጀመሪያው ነው፤ አስቀድሞ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚናገር ወረቀት በተነ፣ ኋላም ቦምብ ጣለ። የበጌምድር ወታደር ፈረስ እንጂ ሰማይን ጠብቆ አያውቅም፤ ተፈታ። ራስ ጉግሣ እዚያው ተገደሉ።

ንግሥቲቱ በስኳር በሽታ የሚሠቃዩ ነበሩ፤ ወቅቱም ሁዳዴ ነበር። መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። የባላቸው መርዶ ደርሷቸው እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅብዓ መንግሥት በዓል ተደረገ። በዚያው ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴና ባለቤታቸው እቴጌ መነን አብረው ዘውድ ጫኑ።