አሮጌ ሌንስና አዲስ ካሜራ

ካሜራ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ብርሃንን የሚሰበስበው ሌንስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌንሱ የሰበሰበውን ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚይዘው ክፍል ነው። ቀድሞ ምስሉን ይይዝ የነበረው ፊልም ነበር፤ በዲጂታል ካሜራ ግን የፊልሙን ቦታ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ሰሌዳ ወስዶታል። ይሁን እንጂ የሌንሱ ተግባር አልተለወጠም። በመሆኑም ከሃምሳ ዓመት በፊት በሚገባ የተሠራ ሌንስ፣ ብርጭቆው እስካልተጫረና ሻጋታ እስካልወረረው ድረስ፣ ዛሬም ጥሩ ምስል ይሰጣል። ታዲያ ይህን ሌንስ ከአዲስ ካሜራ ጋር ለማገናኘት ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ችግሩ የመግጠሚያው ቅርጽ ብቻ ይመስለዋል። እርግጥ ነው፣ አንዱ ሌንስ እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ይገባል፤ ሌላው ጥቂት ዞሮ ይቆለፋል። ይህን ልዩነት ግን አገናኝ ቀለበት ያስወግደዋል። ዋናው ጉዳይ ርቀት ነው። ማንኛውም ሌንስ ሲሠራ ከመግጠሚያው እስከ ፊልሙ ድረስ የሚኖረው ርቀት አስቀድሞ ተለክቶ ይወሰናል። ሌንሱ ከተወሰነለት ርቀት ወደ ፊት ከወጣ፣ በቅርብ ያለው ነገር ጠርቶ ሲታይ በሩቅ ያለው ተራራ ይደበዝዛል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። በሶቪየት ኅብረት ይሠራ የነበረው ሄልዮስ 44-2 የተባለው ሌንስ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር በሆነ የብሎን ጥርስ የሚገጠም ሲሆን፣ የተወሰነለት ርቀት 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2010 ባስተዋወቀው የካሜራ መግጠሚያ ግን ርቀቱ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ 27.46 ሚሊ ሜትር ይቀራል። እንግዲህ የአገናኙ ቀለበት ርዝመት ይኸው 27.46 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። ቀለበቱ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ስለሆነ፣ በትክክል ከተሠራ የምስሉን ጥራት አይቀንስም።

በአንጻሩ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረውና በኋላ ብዙዎቹ ዲጂታል ካሜራዎቹ የወረሱት መግጠሚያ ርቀቱ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሄልዮስ ከሚፈልገው ስለሚበልጥ ለቀለበቱ ቦታ አይተርፍም። ሩቁን ነገር ለማጥራት ተጨማሪ ብርጭቆ ያለበት አገናኝ ያስፈልጋል፤ ይህም ብርጭቆ ብዙውን ጊዜ የምስሉን ጥራት ይጎዳል።

ለመሆኑ አንዱ ካሜራ ጥልቅ፣ ሌላው ስስ የሆነው ለምንድን ነው? በኒኮኑ ዓይነት ካሜራ ውስጥ ምስሉን ወደ ማያው የሚያንጸባርቅ መስተዋት አለ። መስተዋቱ በሌንሱና በሰሌዳው መካከል የሚነሣበትና የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል። መስተዋት አልባ በሆኑት ካሜራዎች ግን ማያው የሚያሳየው ሰሌዳው ራሱ የተቀበለውን ምስል ስለሆነ ይህ ሁሉ ቦታ አያስፈልግም። ለአሮጌ ሌንሶች ዳግመኛ በር የከፈተላቸው ይህ ለውጥ ነው።

ሆኖም ሌንሱ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ አይነጋገርም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው የብርሃን መግቢያውን ስፋትም ሆነ የምስሉን ጥራት የሌንሱን ቀለበቶች በእጁ እያዞረ ይወስናል። አንዳንድ ካሜራ ሌንስ መኖሩን ስለማያውቅ፣ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ አስቀድሞ ካልታዘዘ ሥራውን እንቢ ይላል። መስተዋት ባለው ካሜራ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የረዘመ ሌንስ መስተዋቱን ሊመታና ሊሰብር ስለሚችል በግድ መግጠም አይገባም።

እንግዲህ አሮጌ ሌንስ በእጁ የገባ ሰው ሌንሱን ከመጣሉ ወይም ለካሜራ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሁለቱን ርቀቶች ያነጻጽር። የካሜራው ርቀት ከሌንሱ ርቀት ካነሰ፣ ልዩነቱ የቀለበቱ ርዝመት ይሆናል። ከበለጠ ግን ሌላ ካሜራ መፈለግ ይሻላል።