ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ይጠጣልን?

ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ኩልል ብሎ ስለታየ ብቻ ለመጠጥ ይስማማል ማለት አይቻልም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የሚወጣባቸው በርካታ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ አለቶች ነው። በውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተዋህዶ በዘቀጠ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም ያንሰዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሊትር ውሃ የወሰነው ጣሪያ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ የሕፃናት ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ይጎዳል፤ ከበቀለ በኋላም ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቢፋቅ አይለቅም። መጠኑ እጅግ ከፍ ያለውን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ይላል፤ ጀርባውም ይጎብጣል።

«ታዲያ ውሃውን ማፍላት ነዋ!» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። እንዲያውም በሊትር 4 ሚሊ ግራም ያለበት 3 ሊትር ውሃ ተንተክትኮ 2 ሊትር ብቻ ቢቀር፣ መጠኑ በሊትር 6 ሚሊ ግራም ይሆናል። እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይቀራልና።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ አየር በታፈነበት ምድጃ የከሰለ የከብት አጥንት ነው። (አጥንት ሲባል የሚቀፈው ሰው እንዳለ አይካድም።) በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ሃይድሮክሳይዱን ለቆ በምትኩ ፍሎራይድን ይይዛል። ይሁን እንጂ ከሰሉ አንድ ቀን ይጠግባል፤ በጠገበም ጊዜ የውሃው መልክም ሆነ ጣዕም አይለወጥምና ውሃው በየጊዜው መመርመር አለበት።