ልጅዎ አራት ዓመት አልፎትም ይኮላተፋል?

«ሩዝ» ለማለት «ሉዝ»፣ «ከብት» ለማለት «ተብት» የሚል ሕፃን በየቤቱ አለ። በ2 እና በ3 ዓመት ዕድሜ ይህ የሚያሳስብ አይደለም። ድምፆችን አጥርቶ ማውጣት ጆሮን፣ ምላስን፣ ከንፈርንና ላንቃን አስተባብሮ መጠቀምን ስለሚጠይቅ ልጆች የሚለምዱት ቀስ በቀስ ነው። አራት ዓመት አልፎትም ንግግሩ ለቤተሰቡ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው የማይገባ ከሆነ ግን «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው አይጠብቁ።

የችግሩ መንስኤ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታወቅም። በወንዶች ልጆችና በቤተሰባቸው ተመሳሳይ ችግር ባለባቸው ላይ ይበዛል። የመስማት ችግር፣ የሚመላለስ የጆሮ ምግልና የላንቃ መሰንጠቅም ያስከትሉታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የልጅዎን ጆሮ ያስመርምሩ።

አኗኗርም ድርሻ አለው። በሐሙሲት፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ በሩዝ አረምና አጨዳ ወቅት ወላጆች ማሳ ላይ ሲውሉ ሕፃናት ከታላላቆቻቸው ጋር ይቀራሉ። ይህ ብቻውን ልጅን ኮልታፋ አያደርግም። ሆኖም ከአዋቂ ጋር የሚያወጋበት ጊዜ ሲያጥር ቃሉን በትክክል የሚሰማበት ዕድል ይቀንሳል፤ ችግሩም ሳይታወቅ ይቆያል። ትምህርት ቤት ሲገባ ፊደል መለየት ይከብደዋል፤ ጓደኞቹ ከሳቁበትም ዝምታን ይመርጣል።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

ልጁን «ኮልታፋ» ብለው አይጥሩት፤ አነጋገሩንም እየቀዱ አይሳቁበት። «ተብቱ መጣ» ሲልዎ «አዎ፣ ከብቱ መጣ» ብለው ትክክለኛውን ቃል ያሰሙት እንጂ እንደገና እንዲለው አያስገድዱት። ማታ እሳት ዳር ወይም ቡና ሲፈላ ውሎውን እንዲያወራ ያድርጉ፤ ሳያቋርጡም ያዳምጡት። ለመምህሩም ይንገሩ።

ይፈታለታል በሚል እንጥሉን አያስቆርጡ። እንጥል መቆረጥ ንግግርን አያስተካክልም፤ ለመድማትና ለቁስል መመረዝ ግን ያጋልጣል።

በቅርብዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ እንደ አስፈላጊነቱ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ወዳሉ ሆስፒታሎች ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ በየቀኑ ከልጁ ጋር የሚሆኑት ግን እርስዎ ነዎት። ንግግሩን ጨርሶ ያልጀመረ፣ ሲጠሩት የማይዞር ወይም ይናገረው የነበረውን የተወ ልጅ ካለዎት ደግሞ አራት ዓመት እስኪሞላው ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ያስመርምሩት።