ተርቦ ሁለት ጊዜ የሚገዙ ባለመኪኖች

የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ያለአግባብ መቀየር ቀድሞ ከነበረው የከፋ ኪሣራ ሆኗል። ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ ተርቦ ነው።

ተርቦ ሞተሩ በሚተፋው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ የሚልክ መሣሪያ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በሆነበት በአዲስ አበባ ከፍታ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ከአዋሽ ጭኖ ወደ መሐል አገር የሚወጣ ሾፌር ይህን አይስተውም።

የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የሚሸከመው በዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለ፣ ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ለሰከንዶች ቢቋረጥ ወይም ቆሻሻ ይዞ ቢመጣ ጉዳቱ ወዲያው ይጀምራል።

ይሁን እንጂ ተርቦው ሲያፏጭ ወይም መኪናው ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ብዙ ባለንብረት በቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። አሮጌው ይፈታል፣ የተገዛው ይታሰራል። አሮጌውን የገደለው ነገር ግን እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው። ቀጭኑ የዘይት ማስገቢያ ቱቦ በተቃጠለ ዘይት ተደፍኖ ከሆነ አዲሱም ብዙ አይቆይም። የመመለሻው ቱቦ ከተጣመመ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ደግሞ ዘይቱ መውጫ አጥቶ በተርቦው በኩል ይፈስሳል፤ ደህና ተርቦ «ዘይት ይበላል» ተብሎ የሚጣለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ተርቦ ሲቀየር ዘይቱና ፊልትሮው አብረው ይቀየራሉ፤ የዘይቱ ግፊት ይለካል፤ ታጥቦ የማይጠራ ማስገቢያ ቱቦም ይለወጣል። በማስገቢያው መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን መቀባት አይገባም፤ ቁራጩ ተላቆ ቀዳዳውን ይደፍናልና። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም አዲሱ ተርቦ በንጹሕ ዘይት እንዲርስ ይደረጋል።

የዘይትና የፊልትሮ ዋጋ ከተርቦው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም የዘይት መለወጫ ጊዜን ማራዘም እንደ ቁጠባ ሲቆጠር ይታያል። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የዘይቱ ወጪ ነው፤ ጋራዥ የቆመ መኪና ያላስገባው ገቢ ግን የትም አይጻፍም።

የሾፌሩም ድርሻ ቀላል አይደለም። ዳገት ወጥቶ የደረሰ ሞተር ወዲያው ሲጠፋ የዘይት ፓምፑ ይቆምና በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ይከስላል። ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት በቂ ነው፤ የሚቃጠለውም ናፍጣ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም።