ጠላቂውን የሚያስተነፍሰው ዕቃ

ከወልድያ ተነስቶ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ውሃ ያገኛል። ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። የሀብሩ ወረዳ ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆን እንኳ ትንፋሹን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ እዚያ ወርዶ የሰመጠ ሰው ለመፈለግ አየር ተሸክሞ መግባት ግድ ይላል።

ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 200 ባር የታመቀ አየር ይይዛል። የቤት መኪና ጎማ 2 ባር አካባቢ መሆኑን ልብ ይሏል። ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ሬጉሌተር ይህን ግፊት ከዙሪያው ውሃ ግፊት በ10 ባር ገደማ ብቻ ወደሚበልጥ ልክ ያወርደዋል። አፍ ላይ የሚያዘው ሁለተኛው ደግሞ ጠላቂው ሲስብ ብቻ ይከፈትና ውሃው ደረቱን በሚጫነው ልክ አየር ይሰጠዋል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ለውጤት ያበቁት ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ናቸው። ጋኛን ከዚያ በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚን ሲጠፋ፣ መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያስችል ቫልቭ ይሠራ ነበር። ወልድያ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ኦክስጅን ሲሊንደሩ ላይ የሚያስረው ሬጉሌተርም የዚሁ ዘመድ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው ጠላቂው ከውሃ እንደወጣ ነው። ዕቃው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው ሬጉሌተር መግቢያ ደርቆ በክዳኑ መዘጋት አለበት። የአፉን ሬጉሌተር ቁልፍ በመለቅለቂያው ውስጥ የሚጫን ሰው ቫልቩን ከፍቶ ውሃውን ወደ ውስጥ ይጋብዛል፤ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ጎማውን ትሰነጥቃለች። እንደኛ አቧራ በበዛበት አገር ደግሞ ክዳኑን ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ ከባሕር ጨው የማይተናነስ ጥፋት ነው።

አብዛኞቹ አምራቾች ሬጉሌተሩ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ተፈትቶ እንዲታይ ያዛሉ። ኦሪንጎቹ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹ) ደህና ቢመስሉም ይለወጣሉ፤ ብረቱ ይታጠባል፤ ከተገጠመ በኋላ ጌጅ ታስሮ ይፈተሻል። ለእኔ የሥራው ልብ ይህ ፍተሻ ነው። የጌጁ ቀስት አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቫልቩ በደንብ ገጥሟል። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከተሳበ ግን አየር በመቀመጫው ሾልኮ እያለፈ ነው፤ ያ ሬጉሌተር ውሃ ውስጥ ሳይሳብ ራሱን ከፍቶ የሲሊንደሩን አየር ሊጨርስ ይችላል። እዚህ ላይ የሚታገሥ ጠጋኝ የሰው ነፍስ ያተርፋል።

ሲሊንደሩ ከውስጥ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ የታሸገውን ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ እርጥበት እንዳይገባው ጨርሶ ባዶ አይደረግም፤ ትንሽ አየር ይተውለታል። በብዙ አገሮች በየ5 ዓመቱ ውሃ ተሞልቶ ከተለመደው በላይ ግፊት ይሰጠዋል፤ ካለፈም ቀኑ ትከሻው ላይ ይመታል። መሙያውም ጥንቃቄ ይሻል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይሆንም፤ ግፊቱ አይደርስም፣ አየሩም ዘይት አለበት። የመተንፈሻ አየር ኮምፕሬሰር እርጥበትንና ሽታን የሚያስቀር ማጣሪያ አለው፤ አየር የሚስብበት አፍም ከሞተሩ ጭስ መራቅ አለበት። በጥልቀት ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጉዳት ይበረታል።

ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለባሕር ብቻ የተሠራ የጥልቀት መለኪያ እዚያ ያሳስታል፤ የጠላቂው ኮምፒውተር ለከፍታ መስተካከል አለበት። ጠልቆ የወጣ ሰውም ወዲያው ወደ ደሴ ዳገት መውጣት የለበትም፤ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ከወንዝና ከኩሬ ሰው ሲያወጡ በዜና እንሰማለን፤ ከዕቃው ጋር የሚውለው ሰው ግን ሲነሳ አልሰማሁም። መርሳ ወይም ወልድያ ላይ ይህ ዕቃ ይገዛ ቢባል፣ ከሲሊንደሩ ብዛት በፊት መለዋወጫውና የሠለጠነ አንድ ጠጋኝ እንዲታሰብ እፈልጋለሁ። ጎበዝ በያጅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ዘይትና ግራሶ ወደ ኦክስጅን እንደማይጠጉ አስቀድሞ ያውቃል። ኦክስጅን የተጨመረበት አየር በሚሞላበት የጠላቂ ሲሊንደርም ሕጉ ያው ነው።